በስክሪኑ ጥግ ያሉት እጆች

ሳጅን ለሦስተኛ ጊዜ ሲደውሉ ደሜ ፈላ።

በመሥሪያ ቤታችን ግድግዳ ላይ አንድ ነጭ ሰሌዳ አለ። ቴሌቪዥን በኢንተርኔት የሚያዩ ደንበኞች ምስሉ እየቆመ ሲያስቸግራቸው ይደውሉልናል፤ አለቃችን ከእኛ ከቴክኒሻኖቹ አንዱን ይልካል፤ የተላከው ሰው አስተካክሎ ይመለሳል። ያው ደንበኛ በወር ውስጥ ለዚያው ብልሽት ደግሞ ከደወለ ግን በአስተካካዩ ስም ትይዩ ቀይ ጭረት ይሰመራል። ጭረቱ «ተመላሽ» ይባላል። እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም ተመላሽ አልነበረኝም። የሥራ ባልደረቦቼ «እሷ እኮ እጇ መድኃኒት ነው» ሲሉ ሰምቼ እንዳልሰማሁ ሆኜ ደረቴን እነፋ ነበር። ይኸው እኚህ ሳጅን፣ ጡረታ የወጡ የትራፊክ ፖሊስ፣ መጡና በሦስት ሳምንት ውስጥ የመጀመሪያውን ቀይ ጭረት አስሰመሩብኝ። ሁለተኛውም መንገድ ላይ ነበር።

«ሂጂና ገላግዪን» አለኝ አለቃዬ። «ሰውዬው ብቻቸውን ነው የሚኖሩት አሉ። የሚያዋራቸው ሰው ፈልገው ይሆናል።»

«ወሬ ካማራቸው ሬዲዮ ይክፈቱ!» ብዬ ቦርሳዬን አነሳሁ። እኔም ብቻዬን ነው የምኖረው፤ ለዚያ ብዬ ግን ማንንም ደውዬ ከሥራው አላስነሳሁም።

የሙያዬን ምስጢር ልናገር፣ ከእንግዲህ ምን ይመጣብኛል። ምስል የሚቆመው በብዙ ምክንያት ነው። ኢንተርኔቱን የሚያድለው ራውተር ከቴሌቪዥኑ ይርቃል፣ ግድግዳ ይጋርደዋል፣ የጎረቤት ዋይፋይ ይጋፋዋል። ትክክለኛው አሠራር ቤቱን ዞሮ ማየት፣ ፍጥነቱን በየክፍሉ መለካት፣ ካስፈለገም ገመድ መዘርጋት ነው። ይህ ግማሽ ቀን ይበላል። አጭር መንገድም አለ፤ የምስሉን ጥራት ዝቅ ማድረግ። ጥራቱ ሲቀንስ የሚመጣው ነገር ያንሳል፣ ያነሰ ነገር ደግሞ በጠባብም ቢሆን ያልፋል፤ ምስሉ አይቆምም። ቴሌቪዥኑ ሥር ያለችው ምስል ተቀባይ ቦክስ ውስጥ ገብቶ ጥራቱን መጨረሻ ድረስ ማውረድና እዚያው መቆለፍ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ምስሉ ይደበዝዛል፤ ግን ከመቶ ሰው ዘጠና ዘጠኙ አያስተውልም። ኳሱ ይንከባለላል፣ ተዋናይዋ ታለቅሳለች፣ ተመልካቹም አብሯት ያለቅሳል፤ የእንባዋን ጥራት ማን ብሎ ያያል? የሁለት ዓመት ንጹሕ ሰሌዳዬ ምስጢሩ ይኸው ነበር።

ሳጅን መቶኛው ሰው ሆኑብኝ።

መጀመሪያ የሄድኩ ዕለት ጥራቱን አውርጄ ቆለፍኩና ወንበር ላይ እንኳ ሳልቀመጥ ወጣሁ። ከሳምንት በኋላ ደወሉ። «አሁንስ አይቆምም፤ ግን ደበዘዘብኝ» አሉ። ሄጄ ቆሜ አየሁት፤ ምስሉ ያለ አንዳች ማቋረጥ ይፈሳል። «ሳጅን፣ ቴሌቪዥኑ ደህና ነው። መነጽርዎን ይቀይሩ» አልኳቸው። ይህን ያልኩት ቦርሳዬን አንጠልጥዬ፣ አንድ እግሬን ከበሩ ውጪ አድርጌ ነው።

አሁን በሦስተኛው፣ አንድ ዓርብ ቀን ከስድስት ሰዓት በኋላ፣ አራተኛ ፎቅ ድረስ በእግሬ ወጣሁ። ሊፍቱ አይሠራም። ደረጃው የወለል ሳሙና ይሸታል፣ በየፎቁ ከተዘጋው በር ጀርባ የሰው ቴሌቪዥን ይሰማል። በልቤ የምናገረውን ስደረድር ነበር የወጣሁት። «ሳጅን፣ እኔ ሌላም ሥራ አለኝ» ከሚለው ይጀምራል። ፊቴን አጨፍግጌ አንኳኳሁ።

ከፈቱልኝ። ረጅም ናቸው፤ ዕድሜያቸው ሰባ ቢያልፍም ጀርባቸው ቀጥ ያለ ነው፤ እጃቸው ከሰውነታቸው ይበልጣል ማለት ይቻላል። አፍንጫቸው ላይ አዲስ መነጽር ተቀምጧል። የመነጽር ቤቱ ትንሽ ተለጣፊ ወረቀት ገና ከመስታወቱ ጥግ አልተላጠችም።

«ቀየርኩት ልጄ» አሉኝ፣ መነጽሩን በጣታቸው ነካ አድርገው። «እንዳልሽኝ ቀየርኩት። ግን ያው ነው።»

ክው አልኩ። ደረጃው ላይ የደረደርኩትን ንግግር ተውኩት። ሰውን ለማባረር የጣልኳትን ቃል ሰውዬው አንስተው ዓይን ሐኪም ድረስ ይዘዋት ሄደዋል። «ግቢ» ሳይሉኝ ገባሁ፤ ፊታቸውን ማየት አልቻልኩም።

ሳሎኑ ውስጥ ሁለት ወንበር አለ። አንደኛው ግድግዳ ተደግፎ የተተወ ነው፤ የተጣጠፈ ብርድ ልብስ ተቀምጦበታል። ሌላው ከቴሌቪዥኑ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ተተክሏል፤ ጉልበት ስክሪኑን ሊነካ ምንም አይቀረው። ከወንበሩ ሥር ጫፋቸው የተጠቀለለ ደብተሮች ተቆልለዋል። ከላይኛው ላይ እርሳስ ነበር። ሳጅን ጎንበስ ብለው ደብተሩን ገለበጡት።

«እንዲህ ተጠግተው ነው እንዴ የሚያዩት? ዓይንዎ ይጠፋል እኮ!»

«ራቅ ካልኩማ ጭራሽ አላየውም።»

«ማንን?»

«ልጄን።»

አለቃዬ ትዝ አለኝ። ይኸው እንግዲህ፣ ወሬው ሊጀመር ነው ብዬ ሰዓቴን አየሁ። ሳጅን መኪና ወደ ቀኝ እንደሚመልሱ ሁሉ ክንዳቸውን ዘርግተው የስክሪኑን የታችኛውን ጥግ አመለከቱኝ።

«እዚህ ጋ ነው የሚወጣው። የቀን ሰባት ሰዓት ዜና ላይ። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ እሱ ነው፤ በሌላው ቀን አንዲት ሴት ናት።»

ያኔ ገባኝ። ዜና አንባቢዋ የምትናገረውን መስማት ለማይችሉ ሰዎች በእጁ የሚተረጉመው ሰውዬ ነው። ጥግ ላይ የምትሰጠው ቦታ የፓስፖርት ፎቶ ታህላለች። እኔ በቆለፍኩት ጥራት ያቺ ፎቶ ምን እንደምትመስል ለማወቅ ሙያ አያስፈልግም፤ ፊት የሌለው ራስ፣ ጣት የሌለው የሊጥ እጅ።

«ልጅዎ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ነው?»

«ከአምስት ዓመቱ ጀምሮ። ደመወዝ የተከፈለው አሁን ነው እንጂ።»

ሳቅሁ። እሳቸውም ትንሽ ሳቁ፤ ከዚያ ሳቃቸውን ምን እንደሚያደርጉበት ያጡ መሰሉ። ወንበራቸው ላይ ተቀመጡና እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳረፉ።

«እናቱ አትሰማም፣ አትናገርም ነበር» አሉ። «የምታወራው በእጇ ነው። እኔ ቁራጭ ቁራጭ አውቅ ነበር፤ ብላ፣ ጠጣ፣ ና፣ ሂድ። የቀረውን የሚነግረኝ ልጁ ነው። ስንጣላ እንኳ መሃላችን ቆሞ ‹ታናድደኛለህ ትልሃለች›፣ ‹አንቺም ታናድጂኛለሽ ይልሻል› እያለ በሥነ ሥርዓት ያጣላናል። ሠላሳ ዓመት መንገድ መሃል ቆሜ መኪና በእጄ ሳናግር ስኖር፣ ሚስቴን በእጄ ማናገር አልተማርኩም። ይሄ ለሰው የሚነገር ነገር አይደለም።»

ለማን ሊነግሩት፤ ቤቱ ውስጥ ከእኔ በቀር ሰው የለም። እኔም የመጣሁት ልቆጣ ነው። ቦርሳዬን ወለሉ ላይ አስቀመጥኩ።

«የሞተች ዕለት፣ ሐኪም ቤት፣ እጇን አነሳችና እንዲህ አለችኝ።»

አመልካች ጣታቸውን ወደ እኔ ቀሰሩ። ቀጥለው ሁለት መዳፋቸውን ጎን ለጎን አድርገው ወደ ፊት ገፉ። በመጨረሻ ሁለት ጡጫ ጨብጠው አንዱን በሌላው ላይ ደራርበው ሁለት ጊዜ መቱ። ትልልቆቹ እጆቻቸው ይህን ሲያደርጉ በጣም ቀስ ይሉ ነበር።

«ይቺን ከድሮም አውቃታለሁ። ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ በር ላይ ቆማ የምታደርጋት ናት። ደህና ዋል የምትለኝ ይመስለኝ ነበር። እኔም እጄን አንስቼላት እሄዳለሁ። ስለዚህ ለልጁ ‹አየህ፣ ደህና ሁን ብላኝ ሄደች› አልኩት። ልጁ አየኝ። እንዴት አድርጎ እንዳየኝ አልነግርሽም። ‹ደህና ሁን አላለችህም አባባ› አለኝ። ‹ታዲያ ምን አለችኝ?› ስለው፣ ‹ከአምስት ዓመቴ ጀምሮ አፏ ሆኜ ኖሬያለሁ፤ ከዛሬ ወዲያ አንዲት ቃል አልተረጉምልህም። ራስህ ድረስበት። የደረስክበት ቀን ታናግረኛለህ› አለኝ። ከቀብሩ በኋላ ሄደ። ያለበት ከተማ ሩቅ ነው፤ የማየው በቴሌቪዥን ብቻ ነው። ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው።»

ደብተሩን አንስተው ሰጡኝ። ገለጥኩት። በየገጹ እጅ ተስሏል። ሥዕሎቹ መንጃ ፈቃድ ሲወጣ የሚጠናውን መጽሐፍ ይመስላሉ፤ ቀጥ ያለ መስመር፣ ቀስት፣ ቁጥር። በየሥዕሉ ሥር ቃል ተጽፏል፤ ፓርላማ፣ ሚኒስትር፣ ጎርፍ፣ ምርጫ፣ የዋጋ ንረት፣ ስምምነት፣ ጥያቄ፣ መልስ።

«ዜና አንባቢዋ ሴትዮ ቃሉን ትላለች፣ እሱ በእጁ ይለዋል» አሉ። «እጁ ከድምፅዋ ሦስት አራት ቃል ወደ ኋላ ነው፤ እሱን ከለመድሽ ይያዛል። ከሦስቱ ሁለቱን አግኝቻለሁ። የመጀመሪያዋ ‹አንተ› ናት። ሁለተኛዋ ‹መንገድ›። ሦስተኛዋን ጡጫዋን አንድ ቀን ሊያደርጋት እጁን ሲገጥም አየሁት። አየሁት ስልሽ! ያኔ ቴሌቪዥኑ ቀጥ አለ። ምስሉ ሲቆም የምትመጣው ክብ ዞረች፣ ዞረች፤ ሲመለስ ኳስ ጨዋታ ላይ ደርሷል። ለዚያ ነው መጀመሪያ የደወልኩላችሁ።»

እኔም መጥቼ እጁን ሊጥ አድርጌባቸው ሄድኩ።

«ምን ያለችዎት ይመስልዎታል?» አልኩ። መጠየቅ አልነበረብኝም፤ አፌ ቀደመኝ።

ሳጅን መነጽሩን አወለቁ። «በዓል የለ፣ እሑድ የለ፣ እኔ መንገድ ላይ ነበርኩ። ሲያማት እንኳ ተረኛ ነኝ ብዬ ወጥቻለሁ። ‹አንተ መንገዱን መረጥክ› ያለችኝ ይመስለኛል። ወይም ‹መንገድህን ጠላሁት›። ጠዋት ጠዋት በር ላይ ቆማ ይህን ስትለኝ፣ እኔ እጄን እያወዛወዝኩ እየሳቅሁ ወጥቼ ይሆናል። ብላም ከሆነ ልወቀው። አለማወቁ ነው የጨረሰኝ።»

ሰዓቴን አየሁ። ለሰባት ሃያ አምስት ጉዳይ ነው። ዛሬ ዓርብ ነው።

«ራውተሩ የት ነው ያለው?» አልኳቸው።

ይህን ጥያቄ የጠየቅኩት በሦስተኛው ጉብኝቴ ነው፤ ይመዝገብልኝ። መተላለፊያው ጫፍ ላይ፣ ከውጪው በር አጠገብ ነበር፣ ከአንድ ትልቅ የብረት ቁም ሳጥን ጀርባ ተወሽቆ። የመጀመሪያ ቀን አሥር እርምጃ ብራመድ ኖሮ አየው ነበር።

«ይሄ ብረት ምንድነው?»

«ከፖሊስ ጣቢያው ስወጣ የሰጡኝ ነው። የደንብ ልብሴ አለበት።»

«ሳጅን፣ ለዋይፋይ እንዲህ ያለ ብረት ግንብ ነው። የሚያልፈው ጭላንጭል ብቻ ነው። መኪናውን ሁሉ አቁመውበታል።»

«እኔ ነኝ ያቆምኩት?» አሉና ደነገጡ።

ቁም ሳጥኑን ለሁለት ልናንቀሳቅሰው ሞከርን፤ ንቅንቅ አላለም። ስለዚህ ገመድ። ከቦርሳዬ ጥቅሉን አውጥቼ በመተላለፊያው ግርጌ መዘርጋት ጀመርኩ። ሳጅን ከኋላዬ ጎንበስ ብለው ገመዱን በየሁለት ክንዱ ግድግዳው ላይ እየያዙልኝ እኔ በማጣበቂያ ለጠፍኩት። ለሰባት አሥራ ሁለት ጉዳይ። የገመድ ጫፍ ላይ የሚገባውን ራስ መሥራት እግዜር ያሳያችሁ፤ ስምንት ቀጫጭን ሽቦ፣ ስምንት ቀለም፣ ሁሉም በተርታ መግባት አለበት። በሕልሜም እሠራዋለሁ። ያን ቀን ግን አንዷን ሽቦ በደንብ ሳልከት ጨመቅኩት። በመፈተሻው ስለካው ሰባት መብራት በራ፣ ስምንተኛው ጨለመ። ቆርጬ ጣልኩት። እንደገና ላጥኩ፣ ደረደርኩ፣ ጨመቅኩ። ስምንቱም በሩ። ለሰባት አራት ጉዳይ ቦክሷ ላይ ሰካሁት፤ የቆለፍኩትን ፈታሁ፤ ጥራቱን እስከ ላይ ሰቀልኩት።

ዜናው ጀመረ። ጥግ ላይ ጥቁር ሸሚዝ የለበሰ ሰው ብቅ አለ። ጥፍሩ ይታያል። የሸሚዙ ቁልፍ ይታያል።

ሳጅን መነጽራቸውን መልሰው አድርገው ወደ ስክሪኑ ተጠጉ። ከዚያ፣ ከስንት ጊዜ በኋላ ይሁን፣ ወንበራቸውን ወደ ኋላ ሳብ አደረጉ።

«ሸብቷል» አሉ። «ሸብቷል እኮ! መች ነው የሸበተው?»

ሽበቱን የደበቅሁባቸው እኔ ነኝ።

ሚኒስትሩ ተናገሩ፣ ፋብሪካ ተመረቀ፣ ሁለት አገሮች ተስማሙ። ሳጅን እርሳሳቸውን እንደያዙ አንድም ቃል አልጻፉም፤ ያወቁትን ሁሉ አፋቸው ውስጥ ከልጃቸው እጅ ጋር ይደግሙ ነበር። «ስምምነት... አዎ... ጎረቤት... አዎ።» ምስሉ አንድ ጊዜ እንኳ አልቆመም። እኔ ግን በየደቂቃው ይቆማል እያልኩ ወደ ቦክሷ እመለከት ነበር። ስፖርቱ አለፈ። ሦስተኛዋ ቃል ዛሬ ላትመጣ ትችላለች ብዬ ማሰብ ስጀምር የአየር ጠባዩ መጣ። ሦስት ቀን የሚዘልቅ ከባድ ዝናብ ይጠበቃል አለች ዜና አንባቢዋ፤ አሽከርካሪዎችም ሆኑ እግረኞች በሚያንሸራትት መንገድ ላይ እንዲጠነቀቁ አሳሰበች።

በጥጉ ያለው ሰው ጣቱን እንደ ዝናብ አወረደ። ሁለት መዳፉን ጎን ለጎን አድርጎ ወደ ፊት ገፋ። ከዚያ ሁለት ጡጫውን ደራርቦ ሁለት ጊዜ መታ።

የሳጅን እርሳስ ወደቀ።

«ምን አለች?» አሉ ዓይናቸውን ከስክሪኑ ሳያነሱ። «ሴትዮዋ ምን አለች?»

«እንዲጠነቀቁ።»

«ድገሚው።»

«ተጠንቀቁ ነው ያለችው ሳጅን። መንገድ ላይ ተጠንቀቁ።»

እጃቸውን አነሱ። ጣታቸውን ወደ ደረታቸው አዙረው ቀሰሩ፣ መዳፋቸውን ገፉ፣ ጡጫቸውን ደራረቡ። «አንተ። መንገድ። ተጠንቀቅ።» ደገሙት። «መንገድ ላይ ተጠንቀቅ። እኔን ነው? የትራፊክ ፖሊሱን?» ሳቅ ጀመሩ፤ ትከሻቸው ተነቃነቀ፤ እኔም ልስቅ ስል ሳቅ አለመሆኑን አየሁ። ቴሌቪዥኑ የሳሙና ማስታወቂያ ጀምሯል። ድምፁን ዘጋሁት።

«ሠላሳ ዓመት» አሉ እርሳሳቸውን ከወለሉ አንስተው። «ሠላሳ ዓመት አንድም መኪና ሳይነካኝ የወጣሁት በራሴ ጉብዝና ይመስለኝ ነበር።»

ሰው ፊት አላለቅስም፤ ያን ቀን ግን የገመድ ቁርጥራጭ የምለቅም መስዬ ጎንበስ ብዬ አለቀስኩ። ቀና ስል ሳጅን ደብተሩን ያገላብጣሉ። አንዱን ጨርሰው ሌላውን አነሱ፤ ሌላውንም።

«ምን ጠፋዎት?»

«መልሱ። ሰው እንዲህ ሲባል ምን ይላል? ‹እሺ› ነው የሚለው። እሷ ‹እሺ› እንድላት ቆማ ትጠብቃለች፤ እኔ እጄን አንስቼ እሄዳለሁ። ‹እሺ› የለኝም። ይሄን ሁሉ ጽፌ ‹እሺ› የለኝም።»

አብሬያቸው ፈለግኩ። የዋጋ ንረት በሦስት ዓይነት ተስሏል፤ እሺ የለም። እንዴትስ ይኑር፣ ዜና ላይ እሺ የሚል ሰው ማን አይቶ ያውቃል?

«ልጅዎን ይጠይቁት» አልኳቸው።

«አታናግረኝ ብሎኛል።»

«ስትደርስበት ታናግረኛለህ ነው ያለው። ይኸው ደረሱበት!»

ስልክ ቁጥሩን በቃላቸው ያውቁታል፤ አንድም ቀን ደውለውበት ግን አያውቁም። በእኔ ስልክ በቪዲዮ እንዲቀረጹ ተስማማን። ወንበሩ ላይ ቀጥ ብለው ተቀመጡ፤ የሸሚዛቸውን የላይኛውን ቁልፍ ቆለፉ። አንተ፣ መንገድ፣ ተጠንቀቅ አሉ በእጃቸው። ቀጥለው ከደብተራቸው የተማሩትን የፓርላማ ቃል አወጡ፤ ጥያቄ። ከዚያ፤ መልስ። ከዚያ ባዶ መዳፋቸውን ዘርግተው ጠበቁ። የምክር ቤት አባል ይመስሉ ነበር። ለልጁ ላክሁት።

ጠበቅን። መሥሪያ ቤቱ ደወለ፤ አላነሳሁም። እኔ ጋ የሚደውለው አንድም መሥሪያ ቤቱ ነው፣ አንድም የተሳሳተ ቁጥር። ቤቴ ውስጥ ምስል ቆሞ አያውቅም፤ ገመዱ የእኔ፣ ራውተሩ የእኔ፣ ሁሉም እንደ ልቡ ይሄዳል። ጠዋት በሩን ቆልፌ ስወጣ ግን ከኋላዬ ተጠንቀቂ የሚለኝ የለም። ይህን እስከዚያ ቀን አስቤው አላውቅም ብል ውሸት ነው። አስቤዋለሁ፤ ድምፁን ከፍ አድርጌ አላሰብኩትም እንጂ።

ከሃያ ደቂቃ በኋላ ስልኬ ጮኸ። የአራት ሰከንድ ቪዲዮ ነው። ፊት የለበትም፣ ሰላምታ የለበትም። የተጨበጠ አንድ እጅ ብቻ፤ ራስ እንደሚነቀነቅ ሁለት ጊዜ ወደ ታች ተነቀነቀ። አለቀ። ሌላ ይመጣል ብለን ጠበቅን። አልመጣም።

ሳጅን ስልኩን ከእጄ ወስደው ደጋግመው አዩት።

«ይቺው ናት?» አሉ። «እንዴ፣ ይቺን ለመማር እኮ አንድ ደቂቃ አይፈጅም ነበር!»

ተነሱ። በመተላለፊያው አልፈው፣ የብረት ቁም ሳጥናቸውን አልፈው የውጪውን በር ከፈቱ፤ ደረጃው አናት ላይ ወጥተው ቆሙና ወደ ቤቱ ዞሩ። ጠዋት ጠዋት እጃቸውን አንስተው የሚሄዱት ከዚያ ሆነው መሆን አለበት። እኔ መተላለፊያው ውስጥ ነበርኩ፤ የሚያዩት ግን እኔን አልነበረም። ጡጫቸውን ጨብጠው ሁለት ጊዜ ነቀነቁ። እሺ። ትንሽ ቆዩና ደገሙት። እሺ። እሺ።

«ሠላሳ ዓመት ስንት ጠዋት ነው?» አሉኝ ሳያዩኝ።

ልቆጥር ጀመርኩና ጠፋብኝ። «ብዙ ነው ሳጅን» አልኩ።

ቦርሳዬን ይዤ በጎናቸው አለፍኩ። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ደርሼ በደረጃው ክፍተት ቀና ብዬ ሳይ፣ ያ ትልቅ እጅ ገና ይነቀነቅ ነበር።